ስለ አገልግሎቶች አነሣሥ ቅደም ተከተል በላንጋኖ ዳርቻ የወጣ አዋጅ

አዋጅ! ስማ፥ ያልሰማህ ስማ!

እኛ፥ በቡልቡላና በአርሲ ነገሌ መካከል ባለው በቡናማው የላንጋኖ ሐይቅ ዳር፥ ስሙን በማንጠራው መዝናኛ ደጅ ሻንጣችንን እግራችን ሥር አኑረን የቆምን፥ ከትዕግሥታችን ብዛት የተነሣ ሥልጣን የተገባን፥ መብራት በሄደና በመጣ ቍጥር የመዝገቡ ኮምፒዩተር እንደ ገና ሲነሣ አይተን፥ «ጋሼ፥ ሲስተም የለም» መባልንም ሰምተን፥ የሚከተለውን ደንግገናል።

አንቀጽ 1፤ ትርጓሜ። እ.ኤ.አ. በ2010 የተገለጠው ሲስተምዲ የተባለው የሊኑክስ መጋቢ፥ ቀድሞ በአኃዝ ተራ አንድ በአንድ ይነሡ የነበሩትን አገልግሎቶች ታርጌት በሚባሉ ማኅበራት ሰብስቦ፥ ቅድሚያ ያልተደነገገላቸውን በአንድነት ያስነሣል። «ሪኳየርስ» የሚለው ቃል ተፈላጊውን ያስጠራል እንጂ አያስጠብቅም፤ የሚያስጠብቀው «አፍተር» ነው።

አንቀጽ 2፤ ዲስክ ከመዝገብ ይቀድማል። ክርክር የለም።

አንቀጽ 3፤ ስለ ኔትወርክ። ኔትወርክ የማያሻው አገልግሎት ኔትወርክን አይጠብቅም። የእንግዶች መዝገብ በዚያው ኮምፒዩተር ዲስክ ላይ የሚኖር ስለ ሆነ፥ የትኛው ክፍል ባዶ እንደ ሆነ ለማወቅ ከአጽናፈ ዓለም ጋር መገናኘት አያስፈልገውም። ይሁን እንጂ፦

ሀ) ተከላውን የፈጸመው ባለሙያ ከሌላ ቦታ በገለበጠው ፋይል ላይ «ከኔትወርክ ኦንላይን ታርጌት በኋላ» የሚል መስመር ትቶ ሄዶ እንደ ሆነ፥ መስመሩ ተሽሯል፤

ለ) ካልተሻረ፥ ዌይት ኦንላይን የተባለው ጠባቂ ማንን እንደሚጠብቅ ይነገረው፤ ካልተነገረው በሥሩ ያሉት የኔትወርክ በሮች ሁሉ እስኪገናኙ ይጠብቃልና፤

ሐ) ከኮምፒዩተሩ ጀርባ ካሉት ሁለት ቀዳዳዎች አንዲቱ፥ ገመድ ገብቶባት የማታውቀው፥ ሸረሪት ያደራችባት፥ «ለመገናኘት አታስፈልግም» ተብላ ትመዝገብ፤ የሸረሪቷ ርስት ግን አይነካም፤

መ) ይህም ካልተደረገ ጠባቂው 120 ሰከንድ ቆይቶ ተስፋ ይቆርጣል። ተስፋ ቆርጦስ? መዝገቡን ይከፍተዋል! ምንም እንዳልጎደለ! ታዲያ ከመነሻው ለምን አልከፈተውም? ምን ነካችሁ እናንተ ሰዎች? 120ው ሳይሞላ ዋናው መብራት ይመጣል፥ ጄኔሬተሩ ይጠፋል፥ ኮምፒዩተሩ ከሀ ይጀምራል። ልጆች ፀሐይ ላይ ያለቅሳሉ፤ አንዲት እናት ደረጃው ላይ ተቀምጠው ጫማቸውን አውልቀዋል፤ የክፍሎቹ ቁልፎች ግን ይኸው ሰሌዳው ላይ ተንጠልጥለው፥ ቍጥራቸው ሳይቀር ከቆምንበት ይነበባል!

ወደ ድንጋጌያችን እንመለስ።

አንቀጽ 4፤ የእንግዳ መቀበያዋ ልጅ አትሰደብ። መስመሩን እርሷ አልጻፈችም። ደብተርና እስክሪብቶ አጠገቧ ሳሉ ቁልፍ የማትሰጠው፥ ያለ ሲስተም ቁልፍ የሰጠ ከደመወዙ ይቆረጥበታል የሚል ወረቀት ከጀርባዋ ስለ ተለጠፈ ነው፤ ያ ወረቀት ማኅተም አለው፥ የእኛ አዋጅ ግን የለውም።

አንቀጽ 5፤ ቅጣት። መስመሩን የተወው ባለሙያ በቀትር ከነሻንጣው በዚሁ ደጅ ይቁም፤ ድምፁን ከፍ አድርጎ እስከ 120 ይቍጠር፤ 119 ሲል መብራት ይጥፋበት።