ምክክሩ ተካሂዷል፤ ውሳኔው ቀድሞ ወጥቷል

የፌዴራሊዝም ልምድ ይቀሰም ሲባል ሁሉም ሰው ጀርመን፣ ስዊዘርላንድ፣ ካናዳ ይላል። ጉዞው ይዘጋጃል፣ አበሉ ይታሰባል፣ ልዑካኑም ደርሰው «ጠቃሚ ልምድ ቀስመው» ይመለሳሉ። እኔ በዚህ ምርጫ አልስማማም። ማዕከላዊ መንግሥት በሥሩ ያሉትን አስተዳደሮች አክብሮ ጋብዞ፣ አስተያየታቸውን በትዕግሥት አድምጦ፣ ፈቃዳቸውንም በጽሑፍ ጠይቆ ሲያበቃ መጀመሪያ ያሰበውን እንዴት እንደሚያደርግ ለመማር የሚመች አገር አንድ ብቻ ነው። ዩናይትድ ኪንግደም ይባላል።

አገሪቱ ፌዴራል አይደለችም፤ ጥበቡም የሚጀምረው ከዚያ ነው። (የምጠቅሰው ዘመን ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።) በ1997 ስኮትላንድና ዌልስ ድምፅ ሰጡ፤ በ1998 ሕጎቹ ወጡ፤ ሰሜን አየርላንድም በዚያው ዓመት የሰላም ስምምነት ምክንያት የራሷን አገኘች። ጤና፣ ትምህርት፣ አካባቢ ጥበቃ ወደ ሦስቱ ዋና ከተሞች፣ ወደ ኤዲንብራ፣ ወደ ካርዲፍና ወደ ቤልፋስት ወረዱ። ሉዓላዊነቱ ግን ንቅንቅ ሳይል በለንደኑ ፓርላማ፣ በዌስትሚኒስተር ቀረ። የሌበር ፓርቲ መሪ ቶኒ ብሌር በ1997ቱ የምርጫ ዘመቻ የስኮትላንድን ፓርላማ ግብር የመጣል ሥልጣን ከእንግሊዝ የገጠር ቀበሌ ምክር ቤት ሥልጣን ጋር በማነጻጸራቸው ብዙ ስኮትላንዳውያን ተቆጥተው ነበር። መቆጣት አልነበረባቸውም። ሰውየው ቅኔ አልተቀኙም፤ ሰሙም ወርቁም አንድ ነበር።

ማዕከሉ በታችኞቹ ጉዳይ ላይ ሕግ ሲያወጣ ፈቃዳቸውን ይጠይቃል። በ1998 ሎርድ ሱዌል የተባሉ ሹም በጌቶች ምክር ቤት የገቡት ቃል ስለሆነ የሱዌል ልማድ ይሉታል። ዌስትሚኒስተር ያለ ስኮትላንድ ፓርላማ ፈቃድ «በተለምዶ» ሕግ አያወጣም ነው ቃሉ። በ2016 ይኸው ቃል በስኮትላንድ ሕግ ውስጥ ሠፈረ፤ በዓመቱ ለዌልስም እንዲሁ ተጻፈ። አሁንስ ማዕከሉ ታሰረ የተባለበት ጊዜ ነበር። በጥር 2017 ግን ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ፣ ይህ የፖለቲካ ልማድ እንጂ ፍርድ ቤት የሚያስፈጽመው ግዴታ አይደለም አለ። በሕግ ተጽፎ የሚገኝ፣ ሕግ ያልሆነ ነገር ማለት ነው። የኛ ሕግ አርቃቂዎች ይህን ያህል ረቀው አያውቁም።

ከዚያ ወዲህ ልማዱ ምን ያህል እንደተከበረ ይታይ። በግንቦት 2018 ከአውሮፓ ኅብረት ለመውጣት የተዘጋጀውን ሕግ የስኮትላንድ ፓርላማ 93 ለ30 ፈቃድ ነፈገው፤ ሕጉ ጸደቀ። በጥር 2020 የመውጫው ስምምነት ሕግ ለሦስቱም ቀረበ፤ ሦስቱም እምቢ አሉ፤ ወሩ ሳያልቅ ንግሥቲቱ ፈረሙበት። በዚያው ዓመት መጨረሻ የውስጥ ገበያ ሕግ መጣ፤ ስኮትላንድና ዌልስ አሁንም እምቢ አሉ፤ አሁንም ጸደቀ። ጥያቄው ግን አንድም ጊዜ ሳይጠየቅ አልቀረም፤ ይህን ጨዋነት ማን ይክዳል? ሠርጉ ተበልቶ፣ ሙሽራዋም ጎጆ ገብታ ካበቃች በኋላ ሽማግሌ እንደሚልክ ቤተሰብ ነው። አባትየው «ልጄን አልሰጥም» ሲሉ ሽማግሌዎቹ «መልካም፣ ተመዝግቧል» ብለው ጠላቸውን ጨርሰው ይነሣሉ።

ለመመካከሩ ደግሞ መድረክ አለ። በ1999 የተቋቋመው የሚኒስትሮች የጋራ ኮሚቴ ጠቅላይ ሚኒስትሩንና የሦስቱን አስተዳደሮች መሪዎች በአንድ ጠረጴዛ ያስቀምጥ ነበር። ሲሰበሰብ ማለቴ ነው። ከ2002 እስከ 2008 ሙሉው ኮሚቴ አንድም ጊዜ አልተቀመጠም። በዚያ ዘመን አብዛኛውን ጊዜ ለንደንንም፣ ኤዲንብራንም፣ ካርዲፍንም የሌበር ፓርቲ ይመራ ስለነበር ጉዳይ የሚያልቀው በፓርቲ ስልክ ነው፤ ይህ አሠራር ለኢትዮጵያዊ አንባቢ ማብራሪያ የሚያሻው አይመስለኝም። በ2007 ኤዲንብራ ለስኮትላንድ ብሔራዊ ፓርቲ ስትገባ ኮሚቴው ድንገት ትዝ አለ። የመጨረሻው ሙሉ ስብሰባ በ2018 መጨረሻ ተደረገ። በጥር 2022 በአዲስ ስም፣ በአዲስ አደረጃጀት፣ በአዲስ ጽሕፈት ቤት ተተካ። አልሸሹም ዞር አሉ። በዚያው ዓመት ሊዝ ትረስ ለጠቅላይ ሚኒስትርነት ሲወዳደሩ ስለ ስኮትላንድዋ መሪ ኒኮላ ስተርጅን ተጠይቀው፣ ትኩረት ፈላጊ ስለሆኑ ችላ ማለቱ ይሻላል አሉ። ተመርጠውም ቃላቸውን ጠበቁ፤ ወንበሩ ላይ በቆዩባቸው ሰባት ሳምንታት ለስተርጅንም ሆነ ለዌልሱ መሪ ለማርክ ድሬክፎርድ ስልክ አልደወሉም። የምርጫ ቃላቸውን ያከበሩ ፖለቲከኛ አሉ ወይ ብሎ የሚጠይቅ ካለ፣ እኒህን ይቁጠርልኝ።

በኮቪድ ወረርሽኝ ጊዜ «የአራቱ አገሮች የጋራ አቀራረብ» የሚል ያማረ ስም ወጥቶ ነበር። በግንቦት 2020 ለንደን «ከቤት አትውጡ» የሚለውን መፈክር «ንቁ ሁኑ» በሚል ለወጠች። ስተርጅን ይህን የሰሙት ከእሑድ ጋዜጦች እንደሆነ ተናገሩ። ሦስቱ አስተዳደሮች በቀድሞው መፈክር ጸኑ፤ የጋራ አቀራረቡም በጋራ ቀጠለ።

የጥበቡ ቁንጮ ግን የጠርሙስ ነገር ነው። በ2020 ስኮትላንድ ለመጠጥ ዕቃ መያዣ የሚያስከፍል ደንብ አጸደቀች፦ ፕላስቲክ፣ ጣሳ፣ ጠርሙስ፣ ለእያንዳንዱ 20 ፔንስ። ባዶውን ስትመልስ ገንዘብህ ይመለሳል። (የሰፈራችን ባለሱቅ ይህንኑ ያለ አንዳች የመንግሥታት ምክክር ሲያሠራው ኖሯል፤ ደብተርም አልያዘለትም።) አካባቢ ጥበቃ የኤዲንብራ ሥልጣን ነው፤ በዚህ ማንም አልተከራከረም። ይሁንና ከላይ የጠቀስኩት የውስጥ ገበያ ሕግ መጣና፣ በአንዱ ክፍል በሕጋዊ መንገድ የሚሸጥ ዕቃ በሌላውም ያለ ተጨማሪ ግዴታ ይሸጣል አለ። ስለዚህ ኤዲንብራ በገዛ ሥልጣኗ ለመሥራት ከለንደን የተለየ ፈቃድ ያስፈልጋት ጀመር። በግንቦት 2023 ለንደን ፈቀደች፤ ጠርሙስ ግን ከውስጡ ይውጣ፣ መያዣውም ከሌላው የአገሪቱ ክፍል ጋር አንድ ይሁን አለች። በሌላው የአገሪቱ ክፍል ገና ሥርዓቱ አልነበረም። ከሌለ ነገር ጋር ተጣጣሙ ነው ትእዛዙ። ፈቃጁ የወግ አጥባቂዎች መንግሥት በ2019 የምርጫ ሰነዱ እንዲህ ያለ ሥርዓት ለፕላስቲክና ለጠርሙስ አመጣለሁ ብሎ ቃል የገባው ራሱ ነው፤ አዎ፣ ለጠርሙስ።

እውነቱ ይነገር ካልን የኤዲንብራም ዝግጅት ንጹሕ አልነበረም፤ የሚጀመርበትን ቀን ከዚያ በፊትም ደጋግማ ገፍታዋለች፤ የለንደን እምቢታ የመጣላት እንደ ሰርግና ምላሽ ነው የሚሉም አሉ። በሰኔ 2023 ሥራው እንደገና ተራዘመ፤ እንዲያካሂደው የተቋቋመው ድርጅትም በዚያው ወር ወደቀ። አሁን የተቆረጠው ቀን ኦክቶበር 2027 ነው። ዌልስ «ያለ ጠርሙስማ አይሆንም» ብላ በ2024 መገባደጃ ከአራቱ አገሮች የጋራ ዕቅድ ወጣች።

ወደ ገንዘቡ እንሂድ፤ ሽሙጥ ሳይጨመርበት የሚያስቀው እሱ ነውና። በ1978 ጆኤል ባርኔት የተባሉ የግምጃ ቤት ሚኒስትር ለጊዜው ብለው አንድ ቀመር አወጡ። ወደ ታች በወረደ ዘርፍ ለእንግሊዝ ተጨማሪ ገንዘብ ሲመደብ፣ ለሌሎቹም እንደ ሕዝባቸው ብዛት ድርሻ ይደርሳል። ባርኔት ራሳቸው በስተርጅናቸው ቀመሩ ይቅር እያሉ ወተወቱ፤ ይኸው ዛሬም አለ። ከለንደን በርሚንግሃም የሚዘረጋው ኤች ኤስ 2 የተባለው ፈጣን ባቡር ግንባታ ሲጀመር ስኮትላንድና ሰሜን አየርላንድ በቀመሩ መሠረት ድርሻቸውን አገኙ። ዌልስ ግን አላገኘችም። ግምጃ ቤቱ ሥራውን «የእንግሊዝና የዌልስ ፕሮጀክት» ብሎ መዝግቦታል። ዌልስ ውስጥ ከዚያ ባቡር አንድ ሜትር ሐዲድ የለም፤ በዕቅዱም አልነበረም። የካርዲፍ ሰው በወረቀት የባቡሩ ባለቤት ነው። ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ።

በ2021 በዌስትሚኒስተር የዌልስ ጉዳዮች ኮሚቴ፣ ሰብሳቢው ከገዢው ፓርቲ ሆነው ሳለ፣ ፕሮጀክቱ የእንግሊዝ ብቻ ተብሎ ይመዝገብ ብሎ መከረ። ምክሩ ተሰማ፤ ምዝገባው ግን እንዳለ ነው። ታችኞቹ እስቲ ክርክር እናንሣ ቢሉስ? በ2017 ጠቅላይ ሚኒስትር ቴሬዛ ሜይ ፓርላማ ውስጥ የአሥር ሰሜን አየርላንዳውያን ድምፅ አስፈልጓቸው ከቀመሩ ውጭ አንድ ቢሊዮን ፓውንድ ለሰሜን አየርላንድ ሲመድቡ ካርዲፍና ኤዲንብራ በሥርዓቱ መሠረት አቤት ብለው ነበር። በጊዜው ደንብ ክርክር መኖር አለመኖሩን የሚወስነው ለንደን ነበር። ለንደንም ጉዳዩን መርምራ ክርክር የለም አለች። ተከሳሹ መዝገብ ቤቱንም ሲይዝ ፍርድ እንዴት እንደሚፋጠን ልብ ይሏል።

ጠቅላይ ሚኒስትር ቦሪስ ጆንሰን ግን አንድነትን በንግግር ብቻ አልተዉትም። ራሳቸውን «የኅብረቱ ሚኒስትር» ብለው ሾመው ስኮትላንድንና ሰሜን አየርላንድን በድልድይ ላገናኝ አሉ። ወደ 900 ሺህ ፓውንድ የፈጀ ጥናት በ2021 ወጣ፦ ድልድዩ 335 ቢሊዮን ፓውንድ፣ መሿለኪያው 209 ቢሊዮን ፓውንድ ያስወጣል፤ ባሕሩ ወለል ላይ ደግሞ ከዓለም ጦርነት የተረፈ ጥይትና ቦምብ ተጥሏል። ሐሳቡ በዚያው ሰጠመ።

ታችኞቹ አንድ ነገር ሲሠሩስ? በሕዝብ መሰብሰቢያ ቤት ውስጥ ሲጋራ ማጨስን ስኮትላንድ በ2006 ከለከለች፤ እንግሊዝ ከአራቱ መጨረሻ ሆና በ2007 ተከተለች። ለፌስታል ማስከፈልን ዌልስ በ2011 ጀመረች፤ እንግሊዝ አሁንም የመጨረሻዋ ሆና በ2015 ደረሰች። ማዕከሉ አይመካከር እንጂ መኮረጁን ያውቅበታል።

ኤዲንብራም ከለንደን የኮረጀችው አለ። በሰኔ 2023 የስኮትላንድ መንግሥትና የአካባቢ ምክር ቤቶች ማኅበር «የቬሪቲ ቤት ስምምነት» የተባለ ሰነድ ፈረሙ፤ መከባበር፣ ቀድሞ መመካከር፣ አብሮ መወሰን የሚሉ ቃላት ሞልተውበታል። በኦክቶበር፣ ማለትም አራት ወር ሳይሞላ፣ የወቅቱ መሪ ሁምዛ ዩሱፍ በፓርቲያቸው ጉባኤ መድረክ ላይ ወጥተው የምክር ቤቶቹ ግብር ባለበት እንዲቆም አወጁ። ግብሩን የሚሰበስቡት ምክር ቤቶች ዜናውን እንደ ሌላው ሕዝብ ሰሙ። ሥልጣን ወደ ታች ሲወርድ አለማማከርም አብሮ መውረዱን ለመመስከር ከዚህ የተሻለ ማስረጃ አላገኘሁም።

በ2024 ሌበር ወደ ሥልጣን ሲመለስ ግንኙነቱ ከሥር ከመሠረቱ ይታደሳል ተባለ። በሐምሌ ወር የአረጋውያን የክረምት ማሞቂያ ድጎማ ለአብዛኞቹ እንዲቀር ሲወሰን፣ ድጎማውን ልትረከብ ወራት የቀራት ስኮትላንድ ሳታማክሩኝ ብላ አቤት አለች። በኦክቶበር ጠቅላይ ሚኒስትር ኪር ስታርመር አዲስ «የአገሮችና የክልሎች ምክር ቤት» አቋቁመው ኤዲንብራ ላይ ሰበሰቡት። ማዕከሉን ከአገሮቹና ከክልሎቹ ጋር የምታገናኝ ልዩ መልእክተኛም ከስብሰባው ጥቂት ቀናት ቀደም ብሎ ተሾመች፤ ሱ ግሬይ ትባላለች። በመጀመሪያው ስብሰባ ላይ አልተገኘችም። በኖቬምበርም ሹመቱን እንደማትቀበል ታወቀ።