የሠራተኛን ልብ የማሸፈቻ ዘዴ

የተከበሩ ሥራ አስኪያጅ፣ ሠራተኛዎ ልቡ ሸፍቶ ገላው ብቻ ቢሮ እንዲውል ከፈለጉ መንገዱ ሩቅ አይደለም። ምክሩን ገልብጬ የምጽፈው በቀናው ሲነገር ሰሚ ስላጣ ነው። ሰው በየጠዋቱ ፊቱን አጥቁሮ ሥራ ሲገባ ማየት ያንገበግበኛል።

ከደመወዝ ይጀምሩ። ያዘግዩት፣ ለምን እንደዘገየ ግን ትንፍሽ አይበሉ። በዓል ሲቃረብ ከሆነ ውጤቱ ፈጣን ነው። ሠራተኛው ሂሳብ ክፍል ደጃፍ ላይ ወሬ ይልቀም፤ አንዱ «ባንክ ውስጥ ገንዘብ የለም»፣ ሌላው «አለቃው መኪና ለወጡ» ይበል። ገንዘብ ማጠሩ በግልጽ ቢነገረው እኮ ብዙው ሰው ይታገሣል፤ ከጎረቤት ተበድሮ፣ ዕቁቡን ለምኖ ወሩን ይገፋዋል። የማይታገሠው እንደሌለ ሲቆጠር ነው።

ቀጥሎ «እኛ ቤተሰብ ነን» ይበሉ። ቃሉን የሚያወጡት ግን ትርፍ ሰዓት የሠራ ሰው ክፍያውን ሲጠይቅ ብቻ ይሁን። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ቁርጡን አስቀምጦታል፦ ከንጋቱ 12 ሰዓት እስከ ምሽቱ 4 ሰዓት ለተሠራ ትርፍ ሰዓት የመደበኛው የሰዓት ክፍያ በ1.5 ይባዛል፤ ሌሊት በ1.75፣ በሳምንት ዕረፍት ቀን በ2፣ በሕዝብ በዓል ቀን በ2.5። በዓል ከቤቱ ውጭ የዋለ ሰው ይህን ስሌት ከእርስዎ የሂሳብ ሹም አስበልጦ ያውቀዋል። አንዴ ከተከለከለ ሁለተኛ አይጠይቅም፤ ከዚያ በኋላ ማሽን ሲበላሽ አይቶ እንዳላየ ያልፋል።

ሞራል መውደቁን ሲሰሙ ስብሰባ ይጥሩ። «ሳትፈሩ ተናገሩ» ይበሉ። ደፍራ እጇን ያወጣችውን ልጅ በሳምንቱ ወደ ሌላ ቅርንጫፍ ያዛውሯት። የቀሩት ለዓመታት የሆዳቸውን በሆዳቸው ይዘው ይኖራሉ።

ጎርደን በቱን ያደረጉትን ደግሞ ከቶ እንዳያደርጉ። እሳቸው እ.ኤ.አ. በ1994 የአሜሪካውን ኮንቲኔንታል አየር መንገድ መምራት ሲጀምሩ ድርጅቱ በ1983 እና በ1990 ሁለት ጊዜ የኪሳራ ከለላ የጠየቀ፣ ደመወዝ የቆረጠ፣ አለቃ በአለቃ ላይ የተፈራረቀበት ነበር። ሠራተኛው ከእንግዲህ ማንንም አላምንም ብሎ ነበር። በቱን ተቆልፎ የኖረውን የኃላፊዎች ፎቅ በር አስከፈቱ። ሠራተኛውን በየነገሩ እጅ ከወርች ያሰረውን የመመሪያ መጽሐፍ መኪና ማቆሚያው ላይ በበርሜል አስቃጠሉ። በረራ መዘግየቱ ድርጅቱን በወር 5 ሚሊዮን ዶላር ያህል ያከስረው ነበርና፣ ሰዓት በማክበር ከመጀመሪያዎቹ አምስት አየር መንገዶች ተርታ በገባን ወር ለእያንዳንዱ ሠራተኛ 65 ዶላር እንከፍላለን አሉ። በ1995 መጀመሪያ ተርታው ውስጥ ገቡ። ገንዘቡ ከደመወዙ ጋር ተቀላቅሎ እንዳይጠፋ ለብቻው ቼክ ተጽፎ ተሰጠ። 65 ዶላር ማንንም ባለጸጋ አያደርግም። ለዓመታት ቃል ሲታጠፍበት ለኖረ ሰው ግን፣ አለቃ የተናገረው ነገር እጁ ሲገባ የመጀመሪያው ነበር። እምነት የሚመለሰው በዚህ ዓይነት ነው ብዬ አምናለሁ፤ ትንሽ ቃል ተሰጥቶ፣ በቀኑ ሲፈጸም።

የሚለቀውን ሠራተኛም አይርሱ። ሕጉ ሒሳቡ በ7 የሥራ ቀናት ውስጥ እንዲከፈለው ያዛል። እርስዎ ግን በክሊራንስ ያመላልሱት፣ የሥራ ልምድ ደብዳቤውን «ነገ ና» እያሉ ያሰንብቱበት። የቀሩት ባልደረቦቹ በመስኮት እያዩት ነው፤ የነገ ዕጣቸውን ከእሱ ይማራሉ።

በመጨረሻ የሐሳብ መስጫ ሳጥን ይስቀሉና ቁልፉን ይጣሉት። ይህን ከራሴ አውቀዋለሁ። በአንድ ወቅት በሠራሁበት ድርጅት ኮሪደሩ ላይ አንድ ሳጥን ነበረ። ሕንፃው ቀለም ሲቀባ ግድግዳው ላይ መቆየት ስላልቻለ አናጢ ጠርተው ፈቱት። ከደብተር የተቀደዱ፣ አራት ላይ የታጠፉ ወረቀቶች ወጡ። አንዱ ጥርት ባለ የእጅ ጽሑፍ «የሴቶች መጸዳጃ ቤት በር ከውስጥ አይቆለፍም። እባካችሁ» ይላል። ከተጻፈ ሦስት ዓመት አልፎታል። በሩ ያን ዕለትም አይቆለፍም፤ ሴቶቹ አንዷ ስትገባ ሌላዋ ውጭ ቆማ በር ትይዝላት ነበር። አብራኝ የነበረችው ባልደረባዬ ወረቀቱን ተቀብላ እንዳየች የማን ጽሑፍ እንደሆነ አወቀች። ልጅቷ ሥራውን ከለቀቀች ቆይታለች። ባልደረባዬ ወረቀቱን መልሳ አጥፋ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችው፤ አንድም ቃል አልተናገረችም።

መቀርቀሪያው በማግስቱ ተገጠመ። ሥራው ግማሽ ሰዓት አልፈጀም።

እባክዎ፣ የእርስዎን ሳጥን ዛሬ ያስከፍቱት።