ስርጉድ ያላት እናት ሀገር

ከእኛ ቀበሌ ኪነት የወጣ አንድም ታዋቂ ድምፃዊ የለም። ይህን የምናገረው በትንሽ ኩራት ነው። በደርግ ዘመን ከቀበሌና ከከፍተኛ ኪነት ተነሥቶ ካሴት ያሳተመው፣ ቴአትር ቤት የተቀጠረው፣ ባሕር ማዶ ተሻግሮ ስሙን ያስጠራው ስንት ነው! ከዚያ ሁሉ መሐል አንድ አዳራሽ ሙሉ ወጣት ሰብስቦ፣ ዓመት ከዓመት እያለማመደ፣ አንድም ሰው ሳያወጣ መቅረት ራሱን የቻለ ችሎታ ይጠይቃል። ከበሮ መቺያችን ፓስተር ሆነ። ዋሽንት ነፊው ጉምሩክ ገባ። አኮርዲዮን ተጫዋቹ ቨርጂኒያ ነው። መሪ ድምፃዊያችን ከልብ የሚያምር ድምፅ ነበረው፤ ዛሬ የሠፈሩ እድር ጥሩንባ ነፊ ነው። እሱ ጠርቶ የቀረ ለቀስተኛ የለም ይባላል።

እኔ የግጥምና ዜማ ክፍል ኃላፊ ነበርኩ። በክፍሉ ውስጥ ከእኔ ሌላ ሰው አልነበረም።

ጊዜው 1976 ዓ.ም. ነው። በሚቀጥለው መስከረም ዐሥረኛው የአብዮት በዓል ሊከበር፣ ኢሠፓም ሊመሠረት ነውና ከተማው ሁሉ በቀይ ጨርቅ ይሸለማል። ሰሜን ላይ ሰው በረሃብ እየወደቀ መሆኑን እኛ የሰማነው ዘግይቶ ነው፤ በየቀኑ የሚነገረን ስለ ሰልፉና ስለ መዝሙሩ ብቻ ነበር። ለበዓሉ አዲስ ዘፈን እንድናዘጋጅ ታዘዝን። ትእዛዙ እኔ ዘንድ ሲደርስ ያለቀለት ዘፈን ደብተሬ ውስጥ ተቀምጧል። ችግሩ ዘፈኑ የአብዮቱ አለመሆኑ ነው። ከሸማቾች ሱቅ ፊት ለፊት ለምትኖር፣ ስትስቅ ቀኝ ጉንጯ ስርጉድ ለሚል ልጅ የተገጠመ ነበር። እንዲህ ብሎ ይጀምራል፦

ስቀሽ ስርጉድ ሲል ጉንጭሽ በቀኙ፣
እኔና ጎረቤት እንቅልፍ አላገኙ።

«አላገኘንም» መባል እንዳለበት ጠፍቶኝ አይደለም። ቤት አልመታ ሲለኝ ሰዋስውን ከቤት አስወጣሁት። ጎረቤቱ ለምን እንቅልፍ እንዳጣ ግን አልተብራራም፤ ሌሊት ሌሊት ክራር የምደበድበው እኔ ስለሆንኩ ምክንያቱን የሠፈሩ ሰው ያውቀዋል።

ግጥሙን ለቅስቀሳ ኃላፊው አቀረብኩ። ካኪ ለብሶ፣ ሦስት እስክሪብቶ ደረት ኪሱ ላይ ደርድሮ የሚውል፣ ቁጡ የሚመስል ግን ደግ ሰው ነበር። ወረቀቱን ደጋግሞ አነበበና ቀና አለ።

«ጓድ፣ ፍቅር መልካም ነው። ግን ለማን ነው?»

ዝም አልኩ።

«ለእናት ሀገር ነው» ብሎ ራሱ መለሰልኝ። የልጅቷን ስም በቀይ እስክሪብቶ ሰርዞ «እናት ሀገር» ጻፈበት። ቀጠለና፣ «ይኼ ‹በቀኙ› የሚለውስ? እኛ ቀኝ ነን?» አለኝ።

እንዳልሆንን አረጋገጥኩለት። ስርጉዱን አንሥቶ ወደ ግራ ጉንጭ አዛወረው። ስርጉዱ ግራ ሲገባ ቤቱ ፈረሰ፤ እዚያው ቁጭ ብለን ተጋግዘን ጠገንነው፦

ስቀሽ ስርጉድ ሲል ጉንጭሽ በግራ፣
ኢምፔሪያሊዝም ገና አይቶሽ ፈራ።

ልብ በሉልኝ፣ ሰዋስውም አብሮ ተስተካከለ። በዕድሜዬ ግጥሜን ነክቶ ያሻሻለልኝ ሰው እሱ ብቻ ነው። በዚያ ዓመት እናት ሀገራችን በግራ ጉንጯ ስርጉድ ነበራት፤ አዳራሽ ሙሉ ሕዝብም ይህን አሜን ብሎ ተቀብሎ አጨበጨበ። ልጅቷ ከፊት ተቀምጣ አብራ ስታጨበጭብ አይቻታለሁ። ከልቧ ነበር የምታጨበጭበው፤ ለሀገሯ። በኋላ የከባድ መኪና ሹፌር አገባች።

ዛሬ ሳስበው የሚገርመኝ ድፍረቴ ነው። ካፈርኩ አይመልሰኝ ብዬ እንኳ አይደለም፤ የሚያሳፍር ነገር መኖሩን መች አውቄ! ዜማ ሲመጣልኝ ከየት መጣህ ብዬ አልጠየቅሁትም። ከየት እንደሚመጣ ግን አሁን አውቃለሁ።

እቤታችን አንድ ናሽናል ቴፕ ነበረን። ስድስት ድንጋይ ይጎርሳል። ድንጋዩ ሲደክም የብዙነሽ በቀለ ድምፅ እየወፈረ ሄዶ ወንድ ይሆናል፤ ያን ጊዜ ድንጋዩን አውጥተን ፀሐይ ላይ እናሰጣለን፣ ወይም በጥርሳችን ነከስ ነከስ አድርገን ነፍስ እንዘራበታለን። ካሴት የምናጠነጥነው በቢክ እስክሪብቶ ነው፤ ድንጋይ ለሙዚቃ እንጂ ለማጠንጠን አይባክንም። ግጥም ስንገለብጥ ደግሞ አንዷን ስንኝ ለመያዝ ስናስነሣ ስናቆም፣ ስናስነሣ ስናቆም፣ እናቴ ከጓዳ ብቅ ብላ «ሰውየውን ምን አድርጋችሁት ነው እንዲህ የሚንተባተበው?» ትለን ነበር።

አንድ ቀን ቴፑ የማህሙድ አህመድን ካሴት በላው። ክሩን ከጎማው ላይ ቀስ ብለን ፈትተን ስናወጣ መሐሉ ተጨማዶ ተበጥሷል። የተጨማደደውን በምላጭ ቆርጠን ጣልን፤ የእህቴን ኩቴክስ ሰርቀን ጫፍና ጫፉን አጣበቅነው፤ እፍ እፍ ብለን አደረቅነው። ሠራ! የተጣለችው ቁራጭ ግን አንድ ስንኝ ይዛ ሄዳለች። ማህሙድ ከአንድ ቃል ወገብ ላይ ተነሥቶ የሌላ ቃል ወገብ ላይ ያርፋል። ካሴቱ ሠፈሩን ሁሉ ስለዞረ፣ ያንን ዘፈን እኛ ሠፈር የሚዘፍነው ሰው ሁሉ በዚያው ዝላይ ይዘፍነው ጀመር። ሠርግ ላይ እንኳ ሚዜው፣ እድምተኛው አንድ ላይ ይዘላታል። ከዓመታት በኋላ ዘፈኑን በዩቲዩብ ሙሉውን ስሰማ፣ ማነው መሐሉ ላይ ይህን የጨመረበት ብዬ ተናድጃለሁ።

ዜማ የምሠራው እንግዲህ ከዚህ ነበር። ከተበጠሰ፣ ከኮፒ ላይ ከተቀዳ፣ የሬዲዮ አስተዋዋቂ አናቱ ላይ ካወራበት ነገር። ግማሹን አልሰማነውም፤ የሰማነውን አሳስተን ይዘነዋል፤ የጎደለውን በገዛ እጃችን እንሞላዋለን። ያቺን መሙያ ነበር ፈጠራ የምንላት። ዛሬ ሳስበው፣ አልተሳሳትንም።

ከዚያ በኋላ ያለውን ልዝለለው። ሒሳብ ክፍል ገባሁ፤ ከሒሳብ ክፍል ጡረታ ወጣሁ።

ጡረታ በወጣሁ ሰሞን የቨርጂኒያው አኮርዲዮን ተጫዋች ደወለ። «ስማ፣ በሕይወት ያለነው ልጆች ክረምት ላይ አዲስ አበባ እንገናኝ ብለናል። አንድ አዲስ ዘፈን ያስፈልገናል። ግጥምና ዜማ አንተ ነህ» አለኝ። ከዚህ ሁሉ ዘመን በኋላ ሥልጣኔን ማንም አልገፈፈኝም ማለት ነው። ደስ ብሎኝ ክራሬን ከቁም ሣጥን አናት አወረድኩ፣ አቧራውን ጠረግኩ፣ ጎንበስ ብዬ ቃኘሁ፣ ጠበቅሁ።

ቅኝታችን አራት ነው፦ ትዝታ፣ ባቲ፣ አምባሰል፣ አንቺሆዬ። እያንዳንዱ አምስት ድምፅ አለው። በወጣትነቴ አምስት ድምፅ ዳር የሌለው ሜዳ ነበር። አሁን ግን በእነዚያ አምስት ድምፆች ላይ አዲስ ዜማ መፈለግ ሲኤምሲ አካባቢ ባዶ ቦታ እንደ መፈለግ ሆነብኝ፤ የትም ብረግጥ ካርታ የያዘ ባለቤት ብቅ ይላል። ባለቤቶቹን ደግሞ የምትጠራልኝ ሚስቴ ናት። ያደገችው ፒያሳ፣ ድምፅ ማጉያውን በር ላይ ካወጣ ሙዚቃ ቤት ጎን ነው። ፊደል ሳትቆጥር ዘፈን ቆጥራለች። ኩሽና ሆና ሽንኩርት እየከተፈች ትፈርድብኛለች።

አንጎራጉራለሁ።

«ጥላሁን» ትላለች።

እለውጣለሁ።

«ሙሉቀን።»

ክራሩን አዙሬ ወደ ባቲ እሻገራለሁ።

«አስቴር። እሷንም በደንብ አልያዝካትም።»

አንዷን በጣም የተማመንኩባትን ስጫወትላት፣ «እሱማ የድሮ የሬዲዮ ዜና መግቢያ አይደለም እንዴ?» አለችኝ። ነበር።

አንድ ምሽት ግን ከየት መጣ የማልለው ዜማ መጣልኝ። እጄ ተንቀጠቀጠ። እስከ መጨረሻው ተጫወትኩት። ከኩሽና ድምፅ የለም፤ ቢላዋው ቆሟል።

«ይኼን አላውቀውም» አለች በመጨረሻ።

«አላልኩሽም!»

«ማንም ያልዘፈነው እኮ ስላላማረ ይሆናል» ብላ ሽንኩርቷን ቀጠለች።

ሒሳብ ክፍል ያበላሸኝ ይመስለኛል። ሠላሳ ምናምን ዓመት እንጀራዬ ሰው ያመጣውን ደረሰኝ መጠራጠር ነበር። አሁን ዜማ ሲመጣልኝ መጀመሪያ የምጠይቀው ደረሰኙን ነው፤ ከማን ገዛኸው፣ መቼ፣ ማኅተሙ የታለ። ዜማ ደግሞ ዓይናፋር ነገር ነው፤ ይህን ሁሉ ሲጠየቅ ወጥቶ ይሄዳል። ስልኬ ላይ የተቀዱት ማንጎራጎሮች በዝተዋል፤ ሁሉም «እም... እም...» ብለው ጀምረው፣ «ኧረ ይኼ የማን ነበር?» በሚል በእኔው ድምፅ ያልቃሉ።

የቨርጂኒያው ጓደኛዬ መድኃኒት አለኝ ብሎ የዋልያስ ባንዱን የኃይሉ መርጊያን ታሪክ ያመጣብኛል። ታሪኩን አውቀዋለሁ፤ እሱ ስለሚነግረኝ ግን በየጊዜው እንደ አዲስ እሰማለሁ። ዋልያስ ባንድ ሂልተን የሚጫወትበት ዘመን የሰዓት እላፊ ዘመን ነበር፤ ጭፈራ ቤት ያመሸ ሰው ወደ ቤቱ መሄድ ስለማይችል ሳይወድ በግዱ ሲጨፍር ያድራል። ባንዱ እ.ኤ.አ. በ1981 ወደ አሜሪካ ተጓዘ፤ ኃይሉ እዚያው ቀረ። በ1985 አኮርዲዮኑንና ኪቦርዱን ይዞ ለብቻው አንድ ካሴት ሠራ። ከዚያ ዓመታቱ ታክሲ ሆኑ። ዋሽንግተን፣ ደለስ አየር ማረፊያ ተሳፋሪ ሲጠብቅ ኪቦርዱን ከመኪናው ሻንጣ አውጥቶ ይለማመድ ነበር። አንድ አሜሪካዊ ካሴት ሰብሳቢ ያንን የ1985ቱን ሥራ ባሕር ዳር አግኝቶት በ2013 እንደገና አሳተመው፤ ዓለም ሰማው። በ2018 ኃይሉ ሰባ ዓመት ካለፈው በኋላ «ላላ በሉ» የሚል አዲስ አልበም አወጣ።

«አየህ?» ይለኛል ጓደኛዬ።

«ምኑን ነው የማየው? እሱ ታክሲ ከመንዳቱ በፊት ሂልተን ተጫውቷል። እኔ ሒሳብ ክፍል ከመግባቴ በፊት የተጫወትኩት ቀበሌ አዳራሽ ነው። እሱ ሻንጣው ውስጥ ኪቦርድ ነበረው፤ እኔ መሳቢያዬ ውስጥ የነበረኝ ካልኩሌተር ነው።»

«ካልኩሌተርም ቁልፍ አለው» አለኝ። የአኮርዲዮን ሰው ተስፋ አይቆርጥም።

እኔን ከዚያ ታሪክ ውስጥ እንቅልፍ የሚነሣኝ ዕድሜውም ዝናውም አይደለም። ያ ሁሉ ዓመት አየር ማረፊያ ዳር ሲለማመድ የሚሰማው ሰው አለመኖሩ ነው። «ይኼ የእከሌ ነው» የሚለው የለም። እኔ ኩሽናው ባይኖር እዘፍን ነበር ወይስ አልዘፍንም? ይህን ለሚስቴ ማንሣት አልቻልኩም፤ እራት የሚሠራው እዚያው ነው።

በዚህ መሐል የክራሬ አንድ ክር ተበጠሰ። ሠርግ ላይ የሚጫወት አንድ ጎረምሳ ክር ይቀጥላል ሲሉኝ ይዤለት ሄድኩ። ክሩን ቀጠለልኝና ስልኩን አውጥቶ በመተግበሪያ ይቃኝ ገባ። ስልኩ አረንጓዴ ሲያበራ «ጨርሰናል ጋሼ» አለኝ።

«ሁለተኛው ክር ትንሽ ወጥቷል» አልኩት።

«ኧረ ስልኩ ልክ ነው ይላል።»

«ስልኩ ትዝታ ያውቃል?»

ሳቀ። ክራሩን ሰጠኝ። አንገቴን ደፍቼ፣ ጆሮዬን ቆዳው ላይ ለጥፌ፣ ክሩን ፀጉር ታህል ዝቅ አድርጌ መለስኩለት። መታ አደረገውና ቀና ብሎ አየኝ። «ጋሼ፣ እርስዎ ይጫወታሉ እንዴ?»

ትንሽ ተጫወትኩለት። በታላቅ ትሕትና አዳመጠ። ሳበቃ ጉሮሮውን ጠርጎ፣ «ጆሮዎት ግን በጣም ጥሩ ነው» አለኝ።

ሥራውን ያቀረበልኝ ያን ዕለት ነው። ሠርግ ላይ ሁለት ክራር ይይዛል፤ አንዱ በትዝታ ተቃኝቶ ሲጫወትበት፣ ሌላው ለሚቀጥለው ዘፈን መዘጋጀት አለበት። ከትዝታ ወደ አምባሰል ለመሻገር አንዱን ክር ከፍ፣ ሁለቱን ዝቅ ማድረግ ይጠይቃል። ይህ ሁሉ የሚሆነው ደግሞ ከበሮው እየተመታ፣ እድምተኛው እየጮኸ፣ የሙሽራው አጎት ማይክ ካልሰጣችሁኝ እያለ ነው። ስልኩ በዚያ ጩኸት መሐል የክራሩን ድምፅ ለይቶ አይሰማም። የእኔ ጆሮ ይሰማል። አሁን ከስፒከሩ ኋላ በርጩማ ተሰጥቶኛል፤ ክራር በቀኝ ይገባል፣ ተቃኝቶ በግራ ይወጣል፤ ጥሬ ሥጋውም ቀድሞ የሚደርሰው እኔ ጋ ነው። ገንዘቡ ብዙ ባይሆንም ሚስቴ በየቤቱ ታወራልኛለች፤ «ሙዚቃ ሥራ ገብቷል» ነው የምትለው።

ባለፈው ጓደኛዬ እንደ ልማዱ በእኩለ ሌሊት ደወለ። «ዘፈኑ ደረሰ?»

«በዚህ ሳምንት አልችልም። ቅዳሜም እሑድም ሠርግ አለብኝ፤ እሑድ ደግሞ ከባድ ነው፣ ቢሾፍቱ ነው።»

ጸጥ አለ። ከዚያ፣ «ሠርግ ላይ? አንተ? ክራር?!» ብሎ ጮኸ። ስልኩን ሳይዘጋ ለሚስቱ ሲነግራት፣ እሷም እልል ስትል ይሰማኛል። ከበሮ መቺውን፣ ማለቴ ፓስተሩን፣ ዛሬውኑ ደውዬ እነግረዋለሁ አለኝ። ላስረዳው አፌን ከፍቼ ነበር፤ ግን መስመሩ ያን ያህል አይሰማም ነበር።