ማዳምም ጡት አላት

ዓርብ ከሰዓት ነው፤ ደማም፣ አል ሙሐመዲያ። ውጭ ሙቀቱና የባሕሩ እርጥበት ተጋግዘው ዓባያን ከገላ ያጣብቃሉ። ውስጥ ኤሲው ይጮኻል፣ ጀበናው ይንተከተካል፣ ዕጣኑ ጎረቤት እንዳያስቆጣ በሩ ተጠርቅሟል። የተሰበሰብነው ሳምንቱን ሙሉ የሰው ቤት ስናጥብ፣ ስንተኩስ፣ የሰው ልጅ ስናባብል የሰነበትን ሴቶች ነን። ቡና ካለ ደግሞ ተረብ አለ። አንዷ በአረብኛዋ ትተረባለች፣ አንዷ በውፍረቷ፣ አንዷ በስልክ ብቻ በምታውቀው እጮኛዋ። ከመካከላችን ምላስ የሚያጥራት የለችም።

መሀል ላይ አንዷ ድምጿን ዝቅ አድርጋ፣ «ያቺ እንኳ አል ኾባር የነበረችው፣ ያ በሽታ ይዟት አገሯ ገባች አሉ» አለች።

«የቱ በሽታ?» አሉ እቴቴ። ከሁላችን ቀድመው የመጡ የወሎ ሴት ናቸው፤ እቴቴ ነው የምንላቸው።

«ያ ነዋ… እዚህ ጋ።» ደረቷን በጣቷ ነካች።

«ስም የለውም ልጄ? ጎረቤትሽን ስታሚ ስሟን እስከ አያቷ ትቆጥሪያለሽ። ገዳይሽን ስትጠሪ ነው ምላስሽ የሚታሰር?»

ከዚያ ቀን ጀምሮ ይህ መልስ ከጆሮዬ አልወጣም። እውነታቸውን ነው። ሙስናን «የአገር ነቀርሳ» ስንል አፋችንን ሞልተን ነው፤ የእህታችንን ነቀርሳ ግን በጣት ጠቁመን እናልፈዋለን። «ጡት» የሚለው ቃልም ነውር ሆኖብን አይደለም። ውለታ ቢስን «ጡት ነካሽ» እንላለን። ባዕዱን ልጅ የሚያደርገው የጡት ልጅነት ነው። እንጀራ ፍለጋ በመጣንበት በዚህ አገርም ከአንድ ጡት የጠቡ ሁለት ሕፃናት ወንድምና እህት ናቸው፣ አይጋቡም። ባሕሩን ወዲህም ወዲያም ብትሻገሩ ጡት ዝምድና የሚቋጠርበት ነው። ሲታመም ብቻ ምነው ስም አጣ?

እንግዲህ በየቡናው፣ በየስልኩ የምሰማውን ሁሉ አንድ በአንድ ልመልስ። በተረብ የለመደ ጆሮ በተረብ ይስማኝ።

«እብጠት አለኝ፣ ግን አያመኝም» ትላለች። ሌባም ሲገባ በር አያንኳኳም። የጡት ካንሰር ሲጀምር አብዛኛውን ጊዜ አያምም። ሕመም ጠብቄ እሄዳለሁ ማለት ሌባው ዕቃውን ጠቅልሎ እስኪወጣ መጠበቅ ነው። የማያምም ጠጣር እብጠት፣ እንደ ብርቱካን ልጣጭ የተሰረጎደ ቆዳ፣ ወደ ውስጥ የገባ የጡት ጫፍ፣ ሳታጠቢ የሚወጣ ደም የቀላቀለ ፈሳሽ፣ ብብት ሥር የሚዳሰስ እብጠት፦ ከእነዚህ አንዱን ካየሽ ሐኪም ይየው። ደግሞ አትደንግጪ፤ በእጅ ከሚዳሰሱት እብጠቶች አብዛኞቹ ካንሰር አይደሉም። ግን ይህን የሚለየው መሣሪያና ሐኪም ነው፤ ቡና ላይ የተቀመጠች ጓደኛ አይደለችም፣ የሚለጠፍ ቅጠልም አይደለም።

«ብርና ስልክ ጡት መያዣዬ ውስጥ ስለማስቀምጥ ይሆን?» የሚል ጥያቄ በየሳምንቱ ይመጣል። ብርሽ ካንሰር አያመጣብሽም። ነገር ግን ብርሽ እንዳይወድቅ በቀን አሥር ጊዜ ትዳብሺዋለሽ፤ የተሸከመውን ጡት በወር አንዴ ዳብሰሽው ታውቂያለሽ? ገላሽን የምታውቂው አንቺ ነሽ፤ ትናንት ያልነበረውን ዛሬ የምታገኚው ያንቺ እጅ ነው። የእጅ ዳበሳ ማሞግራፊን፣ የጡት ራጁን፣ አይተካም፤ ግን ጥርጣሬሽን ይዘሽ እንድትነሺ ያደርግሻል።

«በዘራችን የለም» የምትለኝ አለች። በዘራችሁ ባሕር ተሻግሮ ደማም የገባ ነበረ? አንቺ ግን ገብተሻል። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው ከጡት ካንሰር ግማሽ ያህሉ የሚይዘው ከሴትነቷና ከዕድሜዋ በቀር ሌላ ተጋላጭነት የሌላትን ሴት ነው። በ2022 እ.ኤ.አ. በዓለም 2.3 ሚሊዮን ሴቶች የጡት ካንሰር እንዳለባቸው ታወቀ፣ 670 ሺህ ደግሞ ሞቱ። ይህ ሁሉ በአንድ ዘር አያልቅም።

«ወንድ ነኝ፣ አይመለከተኝም» የሚል ወንድም ካለ፣ ደረት የሌለው ወንድ አይቼ አላውቅም። ከመቶ ታማሚ ቢበዛ አንዱ ወንድ ነው። ያ አንዱ ደግሞ ዘግይቶ የሚመጣው አይመለከተኝም ሲል ስለከረመ ነው።

«ገላዬን ለወንድ ሐኪም አላሳይም።» አታሳዪ! ሴት ሐኪም ስጡኝ በይ። እዚህ አገር ሴት ሐኪም መጠየቅ ማንንም አያስገርምም፤ ልማዱ ነው። ሰበብሽን ሌላ ፈልጊ።

አሁን ወደ ከባዱ ልግባ። «ማዳምን እንዴት ብዬ ልንገራት? አፍራለሁ፤ ትመልሰኝ ይሆናል።»

ማዳምም ጡት አላት።

ይህን ስል ሥጋቱን ንቄው አይደለም። ከሥራ መባረር ምን ማለት እንደሆነ፣ የመኖሪያ ፈቃዳችን፣ ኢቃማው፣ በአሠሪ እጅ መሆኑ ምን ማለት እንደሆነ ከእኛ በላይ የሚያውቅ የለም። ግን ያለንበትን ክልል እንወቅ። የሳዑዲ የካንሰር መዝገብ ደጋግሞ እንዳሳየው፣ ከአገሪቱ ክልሎች መካከል የጡት ካንሰር ምጣኔ ከፍ ብሎ የሚታየው በዚሁ በምሥራቁ ክልል ነው። ስለዚህ እዚህ በሽታው ለአገሩ ሰዎች እንግዳ አይደለም። በየጥቅምቱ «አል ሸርቂያ ወርዲያ»፣ ምሥራቋ ሮዝ ለበሰች እንደማለት፣ የሚባል ዘመቻ ይካሄዳል፤ የማሞግራፊ መኪናዎች ሴቶች ወደሚገኙበት ይሄዳሉ። ጅዳ ያለችው የማሕፀንና ጽንስ ሐኪም ዶክተር ሳሚያ አል አሙዲ በ2006 እ.ኤ.አ. የጡት ካንሰር ሲገኝባት አልተደበቀችም፤ በጋዜጣ በራሷ ስም ጽፋ ለአገሩ ሁሉ ተናገረች። በ2010 እ.ኤ.አ. ደግሞ ጅዳ ውስጥ በሺዎች የሚቆጠሩ ሴቶች ሮዝ ለብሰው በአንድነት ቆመው የሪቫን ቅርጽ ሠሩ፤ በጊነስ መዝገብ ተጻፈላቸው። ማዳምሽ ይህን ሁሉ ሰምታለች። ምናልባት እናቷ ታማ አስታማለች። አንቺ ልብሷን ተኩሰሽ ለምርመራ የሸኘሻት ቀን ሊኖር ይችላል፤ አንቺን ግን የሚሸኝሽ የለም፣ ምክንያቱም አልነገርሽም።

ንገሪያት። «ማማ፣ ደረቴ ላይ እብጠት አለ፣ ሐኪም ማየት አለብኝ» በይ፤ ይህን ያህል አረብኛ ሁላችንም አለን። መብትም አለሽ፦ የቤት ሠራተኞች ደንብ የሐኪም ማስረጃ ላላት ሠራተኛ የሚከፈልበት የሕመም ፈቃድ ደንግጓል። ከሐምሌ 2024 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ከአራት በላይ የቤት ሠራተኛ ያለው ቀጣሪ የጤና መድን እንዲገዛ ተገዷል። በቤቱ ብቸኛ ሠራተኛ የሆነችው እህት ከዚህ ግዴታ ውጭ መቅረቷ ያንገበግበኛል፤ ብዙዎቻችን ያቺ ብቸኛዋ ነን። ግራ ሲገባሽ የጤና ሚኒስቴር ስልክ 937 ነው፤ ሌሊትም ይሠራል። የማዳምሽን ቁጥር በቃልሽ ካወቅሽ ይህንንም ማወቅ አያቅትሽም።

«ሄጄስ ምን ሊያደርጉልኝ? ጡቴን ይቆርጡታል።» ጡትሽን እንዳታጪ የሚያደርግሽ ቶሎ መሄድሽ ነው። አሜሪካዊው ቀዶ ሐኪም በርናርድ ፊሸር በ1985 እ.ኤ.አ. ባወጣው ጥናት፣ በጊዜ ለተደረሰበት ካንሰር እብጠቱን ብቻ አውጥቶ የጨረር ሕክምና መስጠት ጡቱን ሙሉ ከመቁረጥ እኩል ሕይወት እንደሚያተርፍ አሳየ። ከ20 ዓመት ክትትል በኋላም ውጤቱ አልተለወጠም። መቁረጥ ግድ የሆነ እንደሆነስ? ጡት የሌላት ሴት ትኖራለች፤ ያለ እናት የሚያድግ ልጅ ነው የሚከብደኝ።

«ባሌ ጥሎኝ ይሄዳል።» አንቺ ደማም ላይ ላብሽን አፍስሰሽ የላክሽው ቤት የሠራ፣ በታመምሽ ቀን ጀርባ የሰጠ እንደሆነ፣ አባቶቻችን ስም አውጥተውለታል፤ ጡት ነካሽ ነው። እየጠባ የነከሰ። ለእሱ ብለሽ ሞትን አትምረጪ። አብሮ የሚቆም ባል ደግሞ አለ፤ አውቃለሁ። እጇን ይዞ ከሐኪም በር ላይ የሚያነጋ። እሱን አላህ ይጠብቀው፣ እግዜር ይባርከው።

«የፈጣሪ ፈቃድ ነው።» አሜን። ሐኪሙንስ ማን ፈጠረው? ሙስሊሟ ዱዓ ታድርግ፣ ክርስቲያኗ ጠበሏን ትጠመቅ፤ ጠበልና መድኃኒት ተጣልተው አያውቁም። ግመሏን ሳታስር ለፈጣሪ አደራ የምትል ሴት ግመሏ ስትጠፋ ማንን ትወቅሳለች?

«ካንሰር እንደሆነ ሞት ነው፣ ገንዘብ ለምን ላባክን?» ይህን ስሰማ ተረቤ ያልቃል። በሀብታም አገሮች ከመቶ ታማሚ ከ90 በላይ የሚሆኑት ከአምስት ዓመት በኋላ በሕይወት አሉ፤ ደቡብ አፍሪካ ውስጥ 40 ያህሉ ብቻ ናቸው። በሽታው ያው ነው። የሚለያየው የተደረሰበት ቀንና የተገኘው ሕክምና ነው። በእኛ አገር በዓመት ከ16 ሺህ በላይ ሴቶች በጡት ካንሰር እንደሚያዙ ይገመታል፤ አብዛኞቹ ሐኪም ዘንድ የሚደርሱት ሥር ከሰደደ በኋላ ነው። ጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ከሚተኙት ብዙዎቹም አሮጊት አይደሉም፤ በሠላሳና በአርባ ዓመታቸው ያሉ እናቶች ናቸው፤ የእኛ እኩዮች። ለረጅም ዓመታት በመላ አገሪቱ የጨረር ሕክምና የነበረው እዚያው ጥቁር አንበሳ ብቻ ነበር፤ ጅማና ሐረር የተጨመሩት በቅርብ ነው። ስለዚህ «አገሬ ገብቼ እታከማለሁ» የምትይ እህቴ፣ ወረፋው እንደሚጠብቅሽ አውቀሽ፣ የደማሙን የምርመራ ወረቀት አንድም ሳትጥይ ይዘሽ ግቢ።

አሁን ደግሞ ስልኩን ወደ አገር ቤት ላዙረው። እናንተ ወንድሞች፣ እናንተ እህቶች፣ «ቁጥሩን ላኪልን» የምትሉት። የሐዋላውን ቁጥር ነው። «ደህና ነሽ ወይ?» የሚለው ጥያቄ ከቁጥሩ በኋላ ይመጣል፤ ቁጥሩ ከደረሰም መልሱን ሳትሰሙ ስልኩ ይዘጋል። አንድ ወር ቅደሙና ጠይቁ። «ሐኪም አይቶሽ ያውቃል?» በሉ። አጥር የሚታጠርበትን ብር ለአንድ ማሞግራፊ ተዉላት። አጥሩ ለሚቀጥለው ወር ይደርሳል።

ታማ የተኛችውን ለመጠየቅ የምትመጡ ደግሞ አላችሁ፤ ይህን በደንብ ልበለው፣ ምክንያቱም ሕመሙ ላይ ሕመም ሲጨመር አይቻለሁ። ገና ከበር ሲገቡ «ውይ፣ እንዴት ከሳሽ!» ይላሉ። መስተዋት አላት፤ አንቺን ለዚህ አላስመጣችሽም። ጸጉሯ በኬሞ ሕክምና ረግፎ ሻሽ ያሰረችውን፣ «ያ ሁሉ ጸጉርሽ!» ይሏታል። አንዷ ደግሞ ወንበር ስባ ተቀምጣ፣ ቡናው ሳይፈላ፣ «የአክስቴ ልጅም በዚሁ ነው የሞተችው» ብላ ትጀምራለች። እቴቴ አንዴ እንዲህ ያለችዋን አዩዋትና፣ «ልጄ፣ ጠያቂ ነሽ ወይስ መርዶ ነጋሪ?» አሏት። ሴትዮዋ ጸጥ አለች፤ ታማሚዋ ግን ከኬሞ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ሳቀች።

ምን እናድርግ ካላችሁ፣ ከኬሞ በኋላ ባሉት ቀናት ሽታ ይከብዳታል፤ ሽንኩርት ከእሷ ራቅ ብላችሁ ጥበሱ። አጥሚት አምጡ። ልብሷን እጠቡላት። ሐኪም የሚለውን የምታስተረጉም አረብኛ የምታውቅ አንዲት ሴት አብራት ትሂድ፤ ቃሉን በደብተር ትጻፍ፤ ታማሚ በድንጋጤ የሰማችውን አትይዝም። ካልቻላችሁ ዝም ብላችሁ አጠገቧ ተቀመጡ። ዝምታችሁ የሚያስፈልገው እዚህ ነው።

የመጨረሻው ነገር ገንዘቡ ነው። እኛ የሰው አገር ሰዎች ለአንድ ነገር ፈጥነን እንዋጣለን፦ ለሬሳ። አንዷ ሞተች ሲባል በአንድ ማታ ስልክ ለስልክ ተጠራርተን ለሳጥኑና ለአውሮፕላኑ እናዋጣለን። ይህ ደግነታችን ነው፣ አልነቅፈውም፤ ወገን መሬቱ ላይ ይረፍ። ግን በሕይወት እያለች በኢኮኖሚ ወንበር ተቀምጣ ልትሄድ የምትችለውን፣ በዕቃ መጫኛው እስክትሄድ ለምን እንጠብቃለን?

ያን ዓርብ ይህን ስናወራ እቴቴ ጀበናውን አስቀመጡና ረከቦቱ ላይ ካለው አንዱን የስኒ ማስቀመጫ ባዶ አደረጉት። ሃምሳ ሪያል ጣሉበት። «ለዚያች ለአል ኾባሯ ልጅ» አሉ። አዲስ አበባ ገብታ ሕክምናዋን እስክትጀምር ማረፊያ የላትም፤ ማቲዎስ ወንዱ የኢትዮጵያ ካንሰር ሶሳይቲ ከክፍለ ሀገር ለሚመጡ ታማሚዎች ማረፊያ እንዳለው ከመካከላችን አንዷ ታውቅ ነበርና፣ እዚያ የሚጠይቅላት ሰው እንድትፈልግ ወዲያው ደወለችላት። የስኒ ማስቀመጫው መዞር ጀመረ።

በሩ አጠገብ የተቀመጠች፣ ዘግይታ የመጣች ልጅ ማስቀመጫው ሲደርሳት ደነገጠች። «ምነው፣ ሞተች እንዴ?»

«አልሞተችም» አሉ እቴቴ፤ «ለዚህ አይደል አሁን የምናዋጣው።»

ልጅቷ እጇን ወደ ጡት መያዣዋ አስገባች።