ቆላ የወረደው ከረባት

ለባንኮቻችን የአለባበስ መመሪያ ምስጋና ይድረሰው። ጋምቤላ ከባሕር ወለል በላይ 500 ሜትር ገደማ፣ ሰመራ ከዚያም ዝቅ ብላ፣ አዲስ አበባ ደግሞ ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍ ብላ እንደምትገኝ የትምህርት ቤት ካርታ ሳይቀር ያሳያል። የአለባበስ መመሪያው ግን በዚህ ዓይነት ተራ ልዩነት የሚበገር አይደለም። በሐምሌ ዝናብ አራት ኪሎ ላይ ለሚንዘፈዘፈው የባንክ ሠራተኛ ሙሉ ልብስና ከረባት ካስፈለገው፣ በመጋቢት ጋምቤላ ላይ እንደ ሽሮ ለሚንተከተከው ባልደረባውም ያስፈልገዋል። እኩልነት ከዚህ ወዲያ የለም።

ይህን ውዳሴ የወለደው አንድ ወረፋ ነው። ጸሐፊው ቆላ ከተማ ውስጥ ከአንድ ባንክ መስኮት ፊት ቆሟል። ገንዘብ ከፋዩ ወጣት ብሩን መቁጠር ጀምሮ ያቋርጣል፤ ላቡ ዓይኑ ውስጥ እየገባ ያስቸግረዋል። ከረባቱ እስከ ላይኛው ቁልፍ ድረስ ተሸጉሯል። «ወንድሜ፣ ለምን ትንሽ አታላላውም?» ቢባል ወደ ሥራ አስኪያጁ ክፍል አየት አደረገና «ማስጠንቀቂያ አለው» አለ። ከመስተዋቱ ወዲያ ያለው ሥራ አስኪያጅም ከረባት አስሮ ያልበዋል። ይህ ነው እንግዲህ ከላይ እስከ ታች ተናብቦ መሥራት የሚባለው።

ከረባት ኩሩ ታሪክ አለው። በ17ኛው መቶ ዘመን ለፈረንሳይ ሊዋጉ የመጡ የክሮኤሽያ ወታደሮች አንገታቸው ላይ ጨርቅ ያስሩ ነበር፤ የፓሪስ ባላባቶች አይተው ቀኑና እነሱም አሰሩ። የወታደር ጨርቅ እንዲህ እየተንከባለለ የቁጠባ ሒሳብ መክፈቻ ሆነ። ጥቅሙን የሚጠራጠር ካለ ሳይንስን ይጠይቅ። በ2018 (ዘመኑ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው) የጀርመኑ ኪል ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ከረባት ጠበቅ አድርገው ያሰሩ ወጣቶችን በኤምአርአይ ቢያዩ፣ ወደ አንጎላቸው የሚሄደው ደም በአማካይ 7.5 በመቶ ቀንሶ አገኙት። ብዙ መሥሪያ ቤት ለዚያ 7.5 በመቶ የሚሰጠው ሥራ ስለሌለው ጉዳቱ አይታይም። በ2004 ኒውዮርክ ኩዊንስ ባለ ሆስፒታል ከሐኪሞችና ከሌሎች ባለሙያዎች አንገት ላይ ከተመረመሩት 42 ከረባቶች 20ው በሽታ አምጪ ተሕዋስያን ተሸክመው ተገኙ፤ ከጥበቃ ሠራተኞቹ 10 ከረባቶች ግን አንዱ ብቻ። የእንግሊዝ ጤና አገልግሎትም በ2007 ሐኪሞቹን ከረባት ፍቱ አላቸው። በብዙ አገር ለፖሊስ የሚታደለው ከረባት ደግሞ ሲጎትቱት የሚላቀቅ ነው። ፖሊስን የሚያንቀው ወንበዴ ነውና ይታዘንለታል፤ የባንክ ሠራተኛን የሚያንቀው መመሪያ ነው።

እነዚህ ሁሉ ግን ጥቃቅን በረከቶች ናቸው። ታላቁ በረከት ግድግዳ ላይ ተሰቅሎ የሚያንኮራፋው ኤሲ ነው።

ነገሩ እንዲህ ይሄዳል። የአንገት ቁልፍ ሲቆለፍ የሰውነት ሙቀት መውጫ ያጣል፤ ስለዚህ ክፍሉ ይቀዝቅዝ ተብሎ ኤሲው 18 ላይ ይደረጋል። ቅዝቃዜው በቀጥታ የሚያርፈው ግን ስስ ሸሚዝ የለበሰችው የደንበኞች አገልግሎት ሠራተኛ ትከሻ ላይ ነው። ይህ ቅዠት አይደለም፤ በ2015 ሁለት የሆላንድ ተመራማሪዎች እንዳሳዩት የቢሮ ሙቀት የሚለካበት መስፈርት በ1960ዎቹ የተሠራው 70 ኪሎ የሚመዝን የ40 ዓመት ወንድ ታስቦ ሲሆን፣ የሴቶችን የሰውነት ሙቀት ምርት እስከ 35 በመቶ አብዝቶ ይገምታል። ልጅቷ ትንቀጠቀጣለች። ሹራብ ትደርባለች። ሹራቡ ከደንብ ልብሱ ቀለም ጋር አልሄደምና የቃል ማስጠንቀቂያ ይደርሳታል። በማግስቱ ጋቢ ይዛ ትመጣለች። ውጭ ውሻ እንኳ ከጥላ በማይወጣበት ቀን፣ ጋቢ!

ጋቢው ጉዳዩን ወደ ዋናው መሥሪያ ቤት ያወጣዋል። የሰው ሀብት አስተዳደር ኮሚቴ ያቋቁማል፤ ኮሚቴው አበል ተከፍሎት ቆላ ይወርዳል፤ ወርዶም ጋቢ የባህል ልብስ ስለሆነ ከበዓል ዋዜማ በቀር እንደማይለበስ ይወስናል። በምትኩ ከጠረጴዛው ሥር የሚቀመጥ የኤሌክትሪክ ማሞቂያ ይገዛ ይላል። ሦስት ፕሮፎርማ ይሰበሰባል። ማሞቂያው በተሰካ ዕለት ከኤሲው ጋር አልስማማ ብሎ ፊውዙ ይቃጠላል፤ ስለዚህ ጀነሬተር ያስፈልጋል፤ ጀነሬተሩ ናፍጣ ይፈልጋል፤ ናፍጣው ጠባቂ ይፈልጋል፤ ጠባቂው የደንብ ልብስ ይሰጠዋል፤ የደንብ ልብሱ ከረባት አለው። የኤሲው ውጫዊ ሞተር በበኩሉ ከክፍሉ የቀዳውን ሙቀት አጠራቅሞ ውጭ በተሰለፉት ደንበኞች ጀርባ ላይ ይተፋዋል። ደንበኞቹ በባንክ ደብተራቸው እያራገቡ፣ ግለው ይገባሉ። ክፍሉ በእነሱ ግለት ሲሞቅ ኤሲው 16 ላይ ይወርዳል። ልጅቷ ሁለተኛ ማሞቂያ ትጠይቃለች። የዓመቱ ሪፖርት «ቅርንጫፉ በሞቃት አካባቢ የሚገኝ በመሆኑ የኃይል ወጪው ከፍ ብሏል» ብሎ ለሚቀጥለው ዓመት ተጨማሪ በጀት ይጠይቃል።

ሒሳቡ ሲዘጋ፣ ኤሲ፣ ማሞቂያ፣ ጀነሬተር፣ ናፍጣ፣ ጥበቃና የኮሚቴ አበል ወጪ የሆነው ለግማሽ ክንድ ፖሊስተር ነው። በቅርንጫፉ ውስጥ ሙሉ ጥቅማ ጥቅም የተከበረለት ብቸኛው ባልደረባ ከረባቱ ይሆናል። አርፍዶ አያውቅም፣ ዕድገት አይጠይቅም፣ ደመወዝ አነሰኝ አይልም። መብራት ሲጠፋ ግን ያው የሰው አንገት ላይ ነው የሚቀረው።

ጃፓኖች ይህን ሰንሰለት ከጫፉ ያዙት። በ2005 በጋ የአካባቢ ጥበቃ ሚኒስትሯ ዩሪኮ ኮይኬ የቢሮ ኤሲ ከ28 ዲግሪ በታች አይውረድ፣ ኮትና ከረባት ይውለቅ የሚል ዘመቻ አወጁ። ጠቅላይ ሚኒስትር ጁኒቺሮ ኮይዙሚ ራሳቸው አንገታቸውን ከፍተው ታዩ። ሚኒስቴሩ በዚያ በጋ 460,000 ቶን ካርቦን ዳይኦክሳይድ እንደቀረ ገመተ። ከረባት አምራቾች ገበያችን ወደቀ ብለው አቤት አሉ። ከዚያ በቀር አንገቱ በመከፈቱ ምክንያት የተዋረደ መንግሥት፣ የተዘጋ ባንክ፣ የሸሸ ደንበኛ የለም።

ሠራተኛው ሲቃወምስ? እዚህ ላይ የመመሪያው እውነተኛ ጥበብ ይገለጣል፤ ቅሬታው ስለ ሙቀት ቢሆንም መልሱ ስለ ሥነ ምግባር ነው። «ሞቀኝ» ያለ «ለድርጅቱ ገጽታ የማይቆረቆር» ይባላል። እንግሊዝ ውስጥ ስቶክፖርት ከተማ የመንግሥት ሥራ ፈላጊዎች ቢሮ የሚሠራ አንድ ሰው፣ ሴቶች ባልደረቦቹ ቲሸርት ለብሰው እየዋሉ ወንዶች ብቻ ከረባት እንዲያስሩ መገደዳቸው አድልዎ ነው ብሎ ከሰሰ፤ በ2003 በመጀመሪያ ደረጃ ረታ፣ ይግባኝ ሲባል ጉዳዩ እንደገና ይታይ ተባለ። ሰውየው ከባለጉዳይ ጋር የሚገናኝ ሥራ እንኳ አልነበረውም። የከረባቱን ውበት የሚያየው የፋይል መደርደሪያ ነበር።

ምክር ቤትም ከከረባት አያመልጥም። የኒውዚላንድ ምክር ቤት አባል ራዊሪ ዋይቲቲ በየካቲት 2021 የማኦሪ የአንገት ጌጥ አድርገው ቢገቡ፣ አፈ ጉባኤ ትሬቨር ማላርድ ከረባት አላሰሩም ብለው ከአዳራሹ አስወጧቸው። ዋይቲቲ ከረባትን የቅኝ ግዛት ሸምቀቆ ይሉታል። በማግስቱ አፈ ጉባኤው ከረባት ከእንግዲህ ግዴታ አይደለም አሉ። በአንድ ሌሊት! የምክር ቤቱ ክብር የተንጠለጠለበት ጨርቅ በአንድ ሌሊት ከወረደ፣ ቀድሞውንም ምን ተንጠልጥሎበት ነበር? ጎረቤታችን ኬንያ በኅዳር 2023 በተቃራኒው ሄደች፤ አፈ ጉባኤ ሞሰስ ዌታንጉላ በቀድሞው የዛምቢያ መሪ በካውንዳ ስም የሚጠራውን ሙሉ ልብስና የአፍሪካን የባህል ልብስ ከምክር ቤቱ አግደው ኮትና ከረባት አዘዙ። ፕሬዚዳንት ሩቶ በዚያው ሰሞን ያዘወትሩት የነበረው ልብስ ያ የካውንዳው ነበር።

ወደ ባንክ ስንመለስ፣ የአሜሪካው ባንክ ጎልድማን ሳክስ በ2019 በአንድ ደብዳቤ የአለባበስ ግዴታውን አላላ። ከ1869 ጀምሮ የዎል ስትሪትን ገንዘብ ሲያገላብጥ የኖረ ተቋም ያለ ከረባት መታመን ከቻለ፣ የቆላ ከተማ ቅርንጫፍ የአንድ ገበሬ አምስት ሺሕ ብር ለመክፈል የከረባት ምስክርነት አያሻውም።

ለብየዳ ሠራተኛ መነጽር፣ ለግንበኛ የራስ ቁር፣ ለነርስ ጓንት ይታዘዝ፤ ያለዚያ ሰው ይጎዳል። ንጹሕ ሸሚዝ ይታዘዝ፣ የስም መለያ ባጅ ይታዘዝ፤ ደንበኛ ማን እንዳገለገለው ይወቅ። ከረባቱ ግን ማንንም አይጠብቅም። በሙቀት ውስጥ ሰው ማነቅ ጭካኔ ነው፤ ጭካኔው በፊርማና በማኅተም መውጣቱ ሌላ ስም አያሰጠውም። የሚያበሳጨው ደግሞ ፈራሚው መስኮት ሲከፍት ንፋስ የሚገባለት መሆኑ ነው።

በሰኔ 2017 በፈረንሳይ የናንት ከተማ የአውቶቡስ ሾፌሮች በሙቀት ማዕበል መካከል ቁምጣ ተከለከሉ። ደንቡን ደጋግመው ሲያነቡ ለሴቶች ቀሚስ እንደሚፈቅድ አዩ፤ ወንዶቹም ቀሚስ ለብሰው መሪ ያዙ። አስተዳደሩ ብዙ ሳይቆይ ቁምጣ ፈቀደ። የሰመራ ሠራተኞች እስከ ፈረንሳይ መሄድ አያስፈልጋቸውም። የአፋር ወንድ ለዚህ ሙቀት ሽርጥ መታጠቅ ካወቀበት ቆይቷል፤ አየር ያስገባል፣ ኤሲ አይጠይቅም፣ ናፍጣ አይጠጣም። ጸሐፊው እጁ የገቡ መመሪያዎች ጂንስን፣ ቲሸርትን፣ ስኒከርን፣ ነጠላ ጫማን በስም እየጠሩ ይከለክላሉ። ሽርጥን የከለከለ አንቀጽ ግን አላገኘም፤ ለዚያ ገና ኮሚቴ አልተቋቋመም።