የኮንክሪት ታንኳ ይቁምልን

አንድ ማመልከቻ አለኝ። የየትኛው ቢሮ ጉዳይ እንደሆነ ስላላወቅሁ እዚሁ ላንብበው። ባሕር ዳር ላይ፣ ከጊዮርጊስ ቤተ ክርስቲያን ዝቅ ብሎ፣ ሐይቁ ዳር አንድ የኮንክሪት ታንኳ ይቁምልን። ጅማ ጀበናዋን አደባባይ ላይ አቁማ ስትኮራ እኛ ምን በወጣን! ከአፍንጫው ውኃ ይፍለቅ፣ ከሆዱ ሰማያዊና ቢጫ መብራት ይብራ፣ ፊት ለፊቱም ፎቶ መነሻ ይዘጋጅ። ርዝመቱን ለጠየቀኝ መልሴ አጭር ነው፤ የሞተ ልጅ አንገቱ ረጅም ነውና ሠላሳ ሜትር ይሁን።

የኮንክሪቱ ብልጫ ብዙ ነው። የደንገሉ ታንኳ ቢበዛ ጥቂት ወራት አገልግሎ ውኃ ይጠጣና ይከብዳል። ባለሙያውም እንደገና ደንገል አጭዶ፣ አድርቆ፣ ጠፍሮ ሌላ ይሠራል። ይህ ለዕቅድም ለሪፖርትም አይመችም፤ በየጊዜው ሪባን ሲቆረጥ ሊኖር ነው እንዴ? ኮንክሪቱ አንዴ ከተመረቀ ተመረቀ ነው። ደግሞ ደንገል አይፈልግም፤ ይኼ መቼም ግልግል ነው። ደንገሉ የነበረበት ዳርቻ ከፊሉ ታርሷል፣ ከፊሉ ሐይቁን ለሚያሳይ ሎጅ ተደልድሏል፣ በሰሜን ምሥራቁ በኩል ደግሞ እምቦጭ ወርሶታል። ይህ ሁሉ ሲሆን ጣና በ2007 ዓ.ም. በዩኔስኮ የባዮስፌር ጥብቅ ስፍራነት ተመዝግቧል። የምስክር ወረቀቱም ቢሆን ውኃ አይጠጣም።

ታንኳውን ማን ይሠራዋል? ታንኳ ጠፋሪዎቹ ነገደ ወይጦዎች እንዳትሉኝ። እነሱ መጥፈር እንጂ አርማታ መሙላት የት ያውቃሉ? አማካሪ ከአዲስ አበባ በአውሮፕላን ይምጣልን፤ የሐይቁን ሽታ ሲለምድም አበል ይታሰብለት። ነገደ ወይጦዎች ግን ጨርሶ አይረሱም። በምርቃቱ ዕለት የባህል ልብስ ለብሰው (የቱን እንደሆነ ኮሚቴው ይወስናል) ለአምስት ደቂቃ ያህል እየቀዘፉ ያልፋሉ። ከዚያ በፊት ለከተማው ገጽታ ሲባል ከዳርቻው ትንሽ ፈቀቅ ቢሉ ጥሩ ነው። ሲገፉ የኖሩ ናቸውና የአሁኑ አይከብዳቸውም።

ባለሙያ ከሩቅ የማስመጣቱን አሠራር የፈለሰፍነው እኛ አይደለንም። ኖርዌያዊው ቶር ሄየርዳል በ1961 ዓ.ም. አትላንቲክን በደንገል ጀልባ አቋርጣለሁ ብሎ ሲነሣ ደንገሉን ያጋዘው ከጣና ነበር፤ ሠሪዎቹን ግን ያስመጣው ከቻድ ሐይቅ ነው። «ራ» ያላት ጀልባ ከሞሮኮ ተነሥታ ሳምንታት ከተጓዘች በኋላ ካሪቢያን ሳትደርስ ኋላዋ ረግቦ ተፈታታች። ያኔ ጣና ደንገሏን ተጠይቃ እጇን ሳትጠየቅ ቀረች። እኛ ደግሞ ተሻሽለናል፤ ደንገሏንም አንጠይቃትም።

ከታንኳው አፍንጫ ወደሚፈልቀው ፏፏቴ ልመለስ። ከዚህ ሠላሳ ኪሎ ሜትር ገደማ ርቆ ጢስ ዓባይ የሚባል አንድ ሌላ ፏፏቴ አለ። ውኃው ወደ ኃይል ማመንጫ እየተጠለፈ ብዙ ጊዜ ቀጭን ክር ሆኖ ሲወርድ ታየና እንግዳ አሳፈረን። የእኛው ግን በፓምፕ ነው፤ ማብሪያ ማጥፊያ አለው። ባለሥልጣን ሲመጣ ይከፈታል፣ ሲሄድ ይዘጋል።

አንዳንድ ነገረኛ ደግሞ «ጥበብ እኮ እዚህ ድሮም ነበረች» ይላል። ዘጌ ተሻግሮ የኡራ ኪዳነ ምሕረትን ግድግዳ ያሳያችኋል፤ ከላይ እስከ ታች ሥዕል ነው። ይሁን፣ ግን ዘመናዊ አሠራር የለበትም። በእኛ አገር የቤተ ክርስቲያን ሥዕል ላይ ስፖንሰሩ ቢሳል እንኳ ከእመቤታችን እግር ሥር ተደፍቶ ነው፤ ሪባን ሲቆርጥ ተስሎ ያየ የለም። ነገረኛው አያቆምም፤ ሠዓሊው፣ ብራና ፋቂው፣ ታንኳ ጠፋሪው በሥራቸው ሲኖሩ ከተማዋ አነቃቂ አላስፈለጋትም ይላል። ለእሱ መልሴን ከዚያው ከሥዕሉ ወስጃለሁ። በላዔ ሰብእ በጥርኝ ውኃ ከዳነ ባሕር ዳር በፓምፕ ፏፏቴ የማትድንበት ምን ምክንያት አለ?

መብራቱንም «ለማን ነው?» የሚሉ አልጠፉም። እውነት ነው፣ የክልሉ ግጭት ከተባባሰበት ከ2015 ዓ.ም. ነሐሴ ወዲህ ሰዉ በጊዜ ቤቱ መግባት ለምዷል፤ አስጎብኚ ጀልባዎቹም ከታሰሩበት ገመድ ጋር ተዋድደዋል። ቢሆንም መብራት ለሰው ብቻ ነው ያለ ማን ነው? ዓባይ ከሐይቁ በሚወጣበት በኩል ያሉት ጉማሬዎች ሌሊት ሌሊት ወደ ዳር ይወጣሉ። ፎቶ መነሻውም ለእነሱ ሰፊ ተደርጎ ይሠራ። (በ2016 ዓ.ም. የተመረቀውን 380 ሜትር የዓባይ ድልድይ እዚህ የማላነሣው በቸልታ አይደለም። ድልድዩ ሰው ያሻግራል፤ ስለዚህ ከዚህ ማመልከቻ ወሰን ውጭ ነው።)

ዓሣ ጠባሾቹስ? ጭሳቸው መብራቱን ያጨልማል፣ ዳጣቸውም የእንግዳ ሸሚዝ ያበላሻል። በቦታቸው የቆሮሶ ሞዛይክ ይነጠፍ። የራበው ይየው።

የቀረኝ የሥራ ዕድል ፈጠራው ነው። ታንኳው ላይ ልጆች እንዳይወጡበት «መውጣት ክልክል ነው» የሚል ሰሌዳና አንድ ዘበኛ ያስፈልጋል። ዘበኛው ከታንኳ ጠፋሪዎቹ ልጆች አንዱ ቢሆን ሪፖርቱ ላይ በሁለት ዓምድ ይገባል፤ በባህል ጥበቃም በሥራ ፈጠራም። ፊሽካ ይሰጠው።