ዘጠነኛ ክፍልን ሳያዩ መምረጥ፤ ለአዲስ አበባ ወላጆች የቀረበ ምክር

ልጅዎ ስምንተኛ ክፍልን ጨርሷል። ቤቱ ከሰኔ ጀምሮ የሚነጋገረው ስለ አንድ ጉዳይ ብቻ ነው፤ ዘጠነኛን የት ይማር? ሰፈር ውስጥ ባለው ትልቁ የመንግሥት ትምህርት ቤት ወይስ በግል? በዚህ ጉዳይ አጥብቆ መሳሳት የሚፈልግ ወላጅ የሚከተለውን ይፈጽም።

ከሁሉ አስቀድሞ ትምህርት ቤቶቹን ሄደው አይዩ። ወሬ እያለልዎት ለምን ይደክማሉ? ለቅሶ ቤት አጠገብዎ የተቀመጠችው ሴትዮ «መንግሥት ትምህርት ቤትማ ልጅ ይበላሻል» ካለችዎት በቂ ነው። ለመጨረሻ ጊዜ የመንግሥት ትምህርት ቤት ግቢ የገባችው ድምፅ ለመስጠት እንደሆነ አይጠይቋት። እርስዎም ቢሆኑ በዚያ በር በየቀኑ ያልፋሉ፤ ጥበቃውን ሰላም ብለው ገብተው የአንድ ክፍል በር ላይ አሥር ደቂቃ መቆም ግን አያስቡት።

የግሉን ለመምረጥ ደግሞ ዋጋውን ብቻ ይጠይቁ። የተወደደው ጥሩ ነው። ሰው «ስንት ትከፍላላችሁ?» ሲልዎት ትንሽ ዝም ብለው፣ ድምፅዎን ዝቅ አድርገው የሚናገሩት ቁጥር ከተገኘ ፍለጋው አለቀ። ስሙ ላይ «ኢንተርናሽናል» ካለበት ግቢው የተከራዩት መኖሪያ ቪላ፣ የስፖርት ሜዳው የመኪና ማቆሚያ ቢሆንም ምንም አይደል። ስለ ትምህርት ከሚጠሩ የወላጅ ስብሰባዎች ዓመቱን ሙሉ ይቅሩ። የክፍያ ጭማሪ ስብሰባ ሲጠራ ግን ቀድመው ይድረሱ፣ ከፊት ይቀመጡ፣ ይጩኹ።

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ፣ ወደ እንግሊዝኛው እንግባ።

በግቢው ውስጥ አማርኛ መናገር የሚያስቀጣ ትምህርት ቤት ይፈልጉ። ልጅዎ እንግዳ ሲመጣ ከጓዳ ተጠርቶ ሁለት ዓረፍተ ነገር በአፍንጫው ይናገር፤ እንግዶቹ ሲገረሙ እርስዎ ቡና ማቀራረብዎን ይቀጥሉ። አያቱ ከገጠር መጥተው የሚሉት ሳይገባው ሲቀር «አማርኛው ትንሽ ይከብደዋል» ይበሉ፤ ሲሉም ፈገግታ አይጥፋዎት። ሸዋ ያደገች አያት ከልጅ ልጇ ጋር በአስተርጓሚ መነጋገሯን የዕድገት ምልክት አድርገው ይቁጠሩት። የባዮሎጂ መጽሐፉን ገልጠው «እስቲ ይህን አንቀጽ አንብበህ ምን እንደሚል ንገረኝ» ማለት ግን አደገኛ ነው። አይሞክሩት።

ምክንያቱም የዘጠነኛ ክፍል የፊዚክስ መጽሐፍ የተጻፈው በእንግሊዝኛ ነው፤ የመንግሥቱም የግሉም። የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ፈተናም ለሁለቱም አንድ ነው፣ እሱም በእንግሊዝኛ። ፈተናው «ዋው» ማለት ይችል እንደሆነ ልጁን አይጠይቀውም፤ ያነበበው ይገባው እንደሆነ ነው የሚጠይቀው። ኧረ ወገን! የገዛ ቋንቋውን ነጥቃችሁ፣ የሌላውን ግማሽ ሰጥታችሁ፣ በሁለቱም ማሰብ ያቃተው ልጅ ስታሳድጉ ማን ይንገራችሁ? መምህሩ ፈርቶ አይነግራችሁም፤ ደሞዙ ከእናንተ ክፍያ ነው። እኔ ልንገራችሁ፤ ልጁ እየተጎዳ ነው።

ወደ ምክሩ እንመለስ። ሪፖርት ካርዱን ያለ ጥያቄ ይመኑ። አማካይ ውጤቱ 96 ከሆነ ፎቶ አንስተው ለዘመድ ሁሉ ይላኩ፤ የክፍሉ ተማሪ ሁሉ ከ90 በላይ እንዴት ሊያመጣ እንደቻለ አይመራመሩ። «ባለፈው ዓመት ካስፈተናችኋቸው ስንቶቹ ከግማሽ በላይ አመጡ?» ብለው ርእሰ መምህሩን መጠየቅ ብልግና ነው። በ2014 የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ፈተና በዩኒቨርሲቲዎች ውስጥ መሰጠት ሲጀምር ከተፈታኞቹ 50 ከመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 ከመቶ ብቻ ነበሩ። በ2015 ደግሞ 3.2 ከመቶ፣ በ2016 5.4 ከመቶ። አንድም ተማሪ ያላሳለፉት ትምህርት ቤቶች በየዓመቱ ከአንድ ሺህ በላይ ነበሩ። እነዚያ ሁሉ ልጆች ሪፖርት ካርድ ነበራቸው፤ ወላጅም ፈርሞበታል።

የመንግሥቱን ትምህርት ቤት ለመናቅ ደግሞ የራስዎን ታሪክ መርሳት ያስፈልጋል። እርስዎ ሽመልስ ሀብቴ ወይም ኮከበ ጽባሕ ተምረው፣ ከዚያም ዩኒቨርሲቲ ገብተው ነው ዛሬ የግል ክፍያ ለመክፈል የበቁት። ዳግማዊ ምኒልክ ከመቶ ዓመት በላይ፣ በ1917 የተከፈተው ተፈሪ መኮንንም ለብዙ ትውልድ ለአገር ሰው ሲያፈሩ የኖሩ ናቸው። «ያኔ ሌላ ነበር» ይበሉና ይለፉት። እርግጥ ሌላ ነበር። ያኔ ሁለተኛ ደረጃ የሚደርሰው ጥቂት ነበር፤ ዛሬ ክፍሉ ሞልቷል፣ መምህሩ ኑሮ ከብዶት ሌላ ሥራ ያያል፣ ቤተ ሙከራው ተቆልፎ የሚከርምበት ትምህርት ቤት አለ። ይህን ማንም አይክደውም። ነገር ግን እዚያው ከአሥራ አምስት ዓመት በላይ ሂሳብ ያስተማረ መምህር፣ ሰፊ ቤተ መጻሕፍት፣ እውነተኛ የኳስ ሜዳ፣ ከሊስትሮ ልጅ እስከ ሐኪም ልጅ አንድ ዴስክ ላይ የሚቀመጥበት ክፍል ሊኖር ይችላል። ሄዶ ያላየ ሰው ደግሞ የቱ እንዳለ የቱ እንደሌለ አያውቅም።

ስለዚህ የሚከተሉትን ጥያቄዎች የትም ቦታ አያንሱ፦ የሂሳብና የፊዚክስ መምህራኑ እዚህ ስንት ዓመት ቆዩ? ዓመቱ መካከል ላይ ስንቶቹ ለቀቁ? የቤተ ሙከራው ቁልፍ ማን ጋ ነው፣ መቼስ ተከፈተ? ወደኋላ የቀረ ተማሪ ማን ይይዘዋል? ሴት ልጄ የምትጠቀምበት መጸዳጃ ቤት ውኃ አለው? ልጁ ተደብድቦ ቢመጣ ለማን ነው የምናገረው? እነዚህን የሚጠይቅ ወላጅ «ቀበጥ» ይባላል፤ ቀበጥ መባል ደግሞ ደግ አይደለም።

ክፍያው ካቃተዎት ዋሽንግተን ያለች እህትዎ ትክፈል። የእሷ ልጆች ሜሪላንድ ውስጥ በሺዎች የሚቆጠሩ ተማሪዎች ካሉበት የመንግሥት ትምህርት ቤት እንደሚሄዱ፣ ስብሰባ ሲጠራም ከሁለት ፈረቃዋ አንዱን አስቀይራ እንደምትሄድ አያንሱባት።

የመንግሥቱን የመረጡ እንደሆነ ደግሞ በመምረጥዎ ብቻ የልጁን ነገር ጨርሰውታል። ወርሃዊ ክፍያ ስለሌለ መከታተልም የለም። ደብተሩን አይዩ፤ የክፍል ኃላፊውን ስም አይወቁ። ለአራት ዓመት ይርሱት፤ ከዚያ ፈተናው ሲደርስ በስለት ያስታውሱት።

የመጨረሻው ምክር አጭር ነው። ልጁን አይጠይቁት። ዕድሜው አሥራ አራት ነው፣ ምን ያውቃል? ማታ ማታ ስለምን እንደሚጨነቅ፣ የቅርብ ጓደኛው የት እንደሚመዘገብ፣ በየቀኑ ሁለት ሰዓት ሰርቪስ ውስጥ መቀመጥ ምን እንደሚያደርገው፣ ባለፈው ዓመት ሂሳቡ ከየትኛው ምዕራፍ ጀምሮ እንደጠፋበት እሱ ያውቃል፤ ከጠየቁት ይነግርዎታል። ከነገረዎት ውሳኔዎን ለመቀየር ይገደዳሉ። የመመዝገቢያ ክፍያው ደግሞ አይመለስም።